ፔጁ ተዘጋ፣ ሰንጋው ይበላል

«ይህ ፔጅ የማኅበረሰብ ደንባችንን ስለጣሰ ተዘግቷል።» መልእክቱ ይኸው ነበር። የትኛው ፖስት? የትኛው ደንብ? አይልም። ለአረፋ የቀረው ሳምንት ብቻ ነው።

የምንሠራው ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የነጋዴ ፔጅ እናስተዳድራለን። ፎቶ ማንሳት፣ መጻፍ፣ ለሚጠይቅ ሰው መመለስ፣ ሥራችን ይኸው ነው። ከደንበኞቻችን አንዱ ኮምቦልቻ አካባቢ ከብት የሚያደልብ ማኅበር ነው። ሰብሳቢውን ሁሉም ሀጂ ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው። ድሮ ሰንጋቸውን የሚሸጥላቸው ደላላ ነበር። ፔጁ ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ገዢ ቪዲዮውን አይቶ ራሱ ይደውላል፤ ጥርሱን አሳዩኝ፣ አስኪዱት ልየው ይላል፤ ከዚያ ዋጋ ይቆረጣል። ደላላው አኩርፏል፣ ያው የሚጠበቅ ነው።

የዘጋብንን ድርጅት ስም አልጠራም። ከግዙፎቹ አንዱ ነው። እዚያ ከሌለህ ገበያ የለህም፣ በቃ።

ሀጂ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሰዉ ፔጃችሁ ጠፋብን እያለ ነው። ምን ሆነ?»

«ዘጉት ሀጂ። አብሽሩ፣ ይግባኝ ብለናል።»

«ማን ነው የዘጋው?»

«ማሽኑ ይመስለኛል።»

«ስለ ማሽን አልጠየቅኩህም። ከሳሹ ማን ነው? ዳኛውስ የት ነው የሚቀመጠው?»

ሀጂ የአበጋር፣ የወሎ ባህላዊ አስታራቂ፣ ዘር ናቸው። ደም የተቃባ ሰው ሲታረቅ እያዩ ነው ያደጉት። ከሳሽ ሳይታወቅ፣ ተከሳሽ ሳይጠየቅ ፍርድ ተሰጠ ቢባሉ አይገባቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልገባኝም። የይግባኙ ፎርም በእንግሊዝኛ ነበር፤ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ «አልስማማም» የሚል ቁልፍ ብቻ። ተጫንኩት። ቢሮ ውስጥ ቡና እየተፈላ ነበርና አቦሉ ሳይቀዳ መልሱ መጣ፦ «ውሳኔያችን ጸንቷል።» በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው የማኅበሩን ቪዲዮ ከፍቶ፣ አማርኛውን ሰምቶ፣ አመዛዝኖ ወሰነ ብሎ የሚያምን ካለ ይመን።

ቁጭ ብለን መገመት ጀመርን። ደንባቸው ውስጥ የእንስሳ ሽያጭን የሚከለክል አንቀጽ አለ። ምናልባት እሱ ይሆናል። ግን ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎች ሙክትና ሰንጋ በየቀኑ ይለጥፋሉ፣ ማንም አልነካቸውም። ምናልባት አንዱ ቪዲዮ ላይ የታየው የሥጋ ቢላዋ ይሆን? ወይስ የተበሳጨ ሰው ተሰብስቦ ሪፖርት አደረገን? ደላላው ትዝ አለን፤ ግን ያለ ማስረጃ የሰው ስም አናጠፋም። የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን አንድን ሕዝብ በጅምላ በአውሬ ስም የሚጠራ ኮሜንት ሪፖርት አድርጌ «ደንባችንን አይጥስም» ተብያለሁ። በሬን በሬ ያልን እኛ ግን ተዘጋን።

ግራፊክስ የምትሠራልን ልጅ ጦፈች። «መንግሥት ሕግ ያውጣባቸዋ! የማንንም ፖስት እንዳይሰርዙ ይከልክላቸው!»

ሕግ የተማረ ባልደረባ አለን፣ የቆቦ ልጅ ነው። ይህን በአሜሪካ ቴክሳስና ፍሎሪዳ በ2021 እ.ኤ.አ. እንደሞከሩት ነገረን። የቴክሳሱ ሕግ በአገሪቱ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ወርሃዊ ተጠቃሚ ያለው ድርጅት በአመለካከት ምክንያት ፖስት እንዳያጠፋ የሚከለክል ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ሕጎች እንደገና እንዲታዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤቶች መለሳቸው። የአብዛኞቹ ዳኞች ሐሳብ ግን ድርጅቱ የሚያወጣውንና የሚጥለውን መምረጡ፣ ልክ እንደ ጋዜጣ አዘጋጅ፣ የራሱ ንግግር ነው የሚል ነበር።

«እሱን ተይው» አላት ቀጥሎ። «የእኛኑ አገር እንይ።»

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ ሰው ራያ ቆቦ ላይ ተፈጸመ ስላለው ግፍ በአማርኛ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ግፉን የፈጸሙት ታጣቂዎች ብቻ አይደሉም፣ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ሲቪሎችም ተባብረዋል የሚል ያልተረጋገጠ ክስ ነበረበት። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ማሽን ለይቶ አወጣው፣ አንድ ሠራተኛ አጠፋው፣ ሁለተኛው አጸናው። ጸሐፊው የሜታን ውሳኔዎች ለሚመረምረው ኦቨርሳይት ቦርድ ይግባኝ ሲል ሜታ ራሱ ፖስቱን መለሰው። ቦርዱ ግን ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ እንደገና ይጥፋ አለ፤ በጦርነት መሀል ያልተረጋገጠ ወሬ ሰው ሊያስገድል ይችላል ብሎ።

«የተጻፈው ስለ ከተማዬ ነው» አለ የቆቦው ልጅ። «ቤተሰቦቼ እዚያው ነበሩ። እኔም ይጥፋ ነው የምለው።»

ልጅቷ ዝም አለች፤ ግን አልተረታችም። «እሺ፣ ለዚያ ሰው ምክንያቱ ተጽፎ ተነግሮታል። ለሀጂስ?» አለች ቆይታ።

እኔ የቆምኩት እዚች ላይ ነው። ምን ይጥፋ፣ ምን ይቆይ የሚለውን ለመንግሥት መስጠት ያስፈራኛል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ሲገደቡ እንጀራችን በቪፒኤን ላይ እንደነበር አልረሳም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁም፣ ቁጥር 1185/2012፣ ድርጅቶቹ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ነው የሚለው። ሰዓት የሚቆጠረው ለማጥፋት ነው። ያለ አግባብ የጠፋበት ሰው በስንት ሰዓት መልስ ያግኝ?

የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው፣ በዚህ ይሻላል። ያጠፋህ ድርጅት ምክንያቱን ለይቶ ሊነግርህ ይገባል። ቅሬታህን ማሽን ብቻውን አይወስነውም። ካልረካህ ከፍርድ ቤት ውጭ ወዳለ ገለልተኛ አካል ትሄዳለህ። አሻፈረኝ ያለ ግዙፍ ድርጅት ከዓመታዊ የዓለም ገቢው እስከ 6 በመቶ ይቀጣል። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ መሬት ይወርዳል ማለቴ አይደለም። ግን ሀጂ ለጠየቁት ጥያቄ መልስ የሚሞክር ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ አዲስ አበባ ቢወጣ ግዙፎቹ ይፈሩታል ወይ ከተባለ፣ ብቻችንን ሳይሆን ከጎረቤት አገሮች ጋር ሆነን ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ገበያችን ሲደመር ትንሽ አይደለም።

ሀጂ ግን ሕግ እስኪወጣ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። ሰንጋ ፔጁ ተዘጋ ብሎ መብላት አያቆምም፤ ፋጉሎውም ፍሩሽካውም በየቀኑ ገንዘብ ነው። ያኮረፈውን ደላላ ጠሩት። መጣ፣ ፈገግ አለ፣ ኮሚሽኑን ከፍ አድርጎ ሸጠላቸው። እኛም የቆዩ ሜሴጆችን እየፈለግን የገዢዎችን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ ገለበጥን። ያ ደብተር አሁን የሁሉም ደንበኞቻችን ሆኗል፤ ፔጅ ስንከፍት መጀመሪያ የምንሠራው እሱን ነው።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ጠዋት ፔጁ ተከፍቶ አገኘነው። ለምን እንደተዘጋ እንዳልተነገረን ሁሉ ለምን እንደተከፈተም የነገረን የለም።

በወሩ መጨረሻ ሀጂ ሒሳብ ሊከፍሉ ቢሮ መጡ። ፔጁ ተዘግቶ የቆየበትን ቀን ቆጥረው ቀነሱብን። ተከራከርን፤ «እናንተን አግኝቻለሁ፣ እነሱን የት ላግኛቸው?» አሉ። ፈርመን ተቀበልን።