ከባሕሩ ዳር እስከ ዝግባው ጫካ፦ የሊባኖስን ተራሮች እንዴት እንደጎበኘሁ

ለሥራ ሊባኖስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አብዛኞቻችን አገሪቱን የምናውቃት በቤሩት ፎቆችና እሑድ እሑድ በዶራ ሰፈር በምናሳልፈው ሰዓት ብቻ ነው። ከከተማዋ ጀርባ ግን ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥቶ በረዶ እስከሚተኛበት ከፍታ የሚወጣ፣ ጫፉ ቁርነት አስ ሰውዳ 3,088 ሜትር የሚደርስ የተራራ ሰንሰለት አለ። ይህን ተራራ በዕረፍት ቀኖቼ ማየት ስጀምር ስመ ጥሩ ቦታዎችን በአንድ ዙር ለማዳረስ አልሞከርኩም፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከባሕሩ ወደ በረዶው፣ በከፍታቸው ቅደም ተከተል ሄድኩባቸው። ጉብኝቴን ጉብኝት ያደረገው ይህ ቅደም ተከተል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በሊባኖስ ተራሮች ላይ ታሪኩን የሠራው ድንጋዩ ነው። ድንጋዩንና ውኃውን አስቀድሞ የተመለከተ ሰው፣ ገዳሙ ለምን ገደል ላይ እንደተሠራ፣ ስደተኛው ለምን ወደዚያ እንደሸሸ፣ ነገሥታቱም ለምን አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ስማቸውን እንዳስቀረጹ ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳል።

የጀመርኩት ከቤሩት በስተ ሰሜን በአውራ ጎዳናው አጠገብ ከሚገኘው ከናህር አል ከልብ ወንዝ አፍ ነው። እዚያ ተራራው እስከ ባሕሩ ስለሚደርስ በጥንት ዘመን ማንኛውም ጦር በዚያች ቀጭን መንገድ ከማለፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ያለፈ ሁሉ ምልክቱን ትቷል፦ የግብጹ ፈርዖን ራምሴስ ሁለተኛ፣ የአሦሩ ንጉሥ አስራዶን፣ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር፣ ከዚያም ሮማውያን፣ በመጨረሻም በ1946 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የውጭ ወታደሮች ከአገሪቱ መውጣታቸውን የሚያበስረው ጽሑፍ በአለቱ ላይ ይታያል። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጣው የፈረንሳይ ጦር ደግሞ የራሱን ጽሑፍ ያስቀመጠው ከጥንቶቹ የግብጽ ሰሌዳዎች አንዱን ፍቆ ነው። መኪኖች ከሥር እየተጣደፉ ሲያልፉ ቆሞ ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ስማቸውን ብቻ የምናውቃቸው ነገሥታት በእርግጥ በዚህ መንገድ ማለፋቸውን በዓይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ቦታው ጧት ከመጎብኘት ይልቅ ከሰዓት በኋላ ቢጎበኝ እመርጣለሁ፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከባሕሩ በኩል ስለምታበራ የተሸረሸሩት ፊደላት ጎላ ብለው ይወጣሉ።

ያንኑ ወንዝ ወደ ላይ ሲከተሉት የጄይታ ዋሻ ይገኛል። ተራራው አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የዝናቡና የበረዶው ውኃ በስንጥቆቹ ሰርጎ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው በሆዱ ውስጥ እጅግ ረጃጅም ዋሻዎች ተፈጥረዋል። በጄይታ የላይኛው ዋሻ በእግር፣ የታችኛው ደግሞ በጀልባ ይጎበኛል፤ ከላይኛው ዋሻ ጣሪያ ከተንጠለጠሉት የድንጋይ ዘንጎች አንዱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። ከዚህ ምንጭ የሚወጣው ውኃ ቤሩት ከምትጠጣው ውኃ ዋነኛው ነው። በሊባኖስ ክረምት፣ ማለትም በታኅሣሥና በጥር አካባቢ፣ ውኃው ሲሞላ የታችኛው ዋሻ ይዘጋል፤ ስለዚህ ከመሄድ በፊት ክፍት መሆኑን ደውሎ ማረጋገጥ ይገባል። ጄይታን አስቀድሜ ማየቴ በኋላ በቃዲሻ ሸለቆ ላየሁት ሁሉ መሠረት ሆነኝ።

ወደ ከፍታው ለመውጣት ዝግጅት ያስፈልጋል። ከዶራ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ቫኖች አሉ፤ ከቃዲሻ ሸለቆ በላይ ወዳለችው ወደ ብሽሪ ከተማ የሚሄድ ካልተገኘ በሰሜን እስካለችው እስከ ጥራብሉስ (ትሪፖሊ) ሄዶ ከዚያ ሌላ መኪና መያዝ ይቻላል። ብሽሪ ከቤሩት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የመጨረሻው ክፍል ጠመዝማዛ ዳገት በመሆኑ ማልዶ መነሣት ግድ ነው። የገንዘቡ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ታሪፍ ስለሚለዋወጥ ከመሳፈሬ በፊት ዋጋውን እጠይቃለሁ፤ የመልሱ መኪና የሚነሣበትን ሰዓትም ከዚያው ሹፌር አጣራለሁ። በመንገድ ላይ የጦር ሠራዊት ኬላ ስላለ ኢቃማን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድን፣ ሳይዙ መውጣት ፈጽሞ አይገባም፤ ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ መሄድም አያስተማምንም። የጸጥታው ነገር በአገሪቱ ከወር ወር ስለሚለያይ፣ መንገዱን የሚያውቁ ሰዎችን ሳልጠይቅ አልሄድም። ቤሩት በሙቀት በምትታፈንበት ቀን እንኳ ላይኛው አገር ማታ ማታ ይበርዳል፤ ስለዚህ ሹራብ፣ ስንቅና የማያንሸራትት ጫማ መያዝ ይጠቅማል።

የቃዲሻ ሸለቆ ከብሽሪ ሥር ይጀምራል። ወንዙ ከዝግባው ጫካ ግርጌ ካለ ዋሻ ፈልቆ ሸለቆውን ሰንጥቆ ወደ ጥራብሉስ ይወርዳል፤ በሁለቱም ወገን ቀጥ ያለ የኖራ ድንጋይ ገደል አለ፤ ገደሉም በዋሻ የተበሳሳ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ሸለቆውን ከዝግባው ጫካ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከላይ ከመንገዱ ቆሞ ማየት የሚበቃቸው ብዙ ጎብኚዎች አሉ፤ እኔ ግን ሸለቆው ከላይ ሲታይ ውብ ከመሆን በቀር የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው እላለሁ። መውረድ ያስፈልጋል። ወርጄ የቅዱስ ኤልሳዕ ገዳም፣ በአገሬው አጠራር ማር ሊሻ፣ ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ግማሽ ግንብ፣ ግማሹ አለት መሆኑን አየሁ፤ ጣሪያው ዋሻው ራሱ ነው፤ ግድግዳውን በእጄ ስነካው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፤ በጄይታ ያየሁት ውኃ እዚህም በድንጋዩ ውስጥ እየሠራ ነው። ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድነት ያላቸው የሊባኖስ ክርስቲያኖች፣ የማሮናውያን፣ የምንኩስና ማኅበር በ1695 ሲመሠረት የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ገዳም ነው።

ከዚያ በሸለቆው ወለል፣ በወይራና በዋልነት ዛፎች መካከል በሚያልፈው መንገድ ወደ ቀኑቢን ሄድኩ። ቀኑቢን ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የማሮናውያን ፓትርያርኮች መንበር ነበር። እንዲህ ያለ መንበር ለምን እንዲህ ባለ ስርቻ ውስጥ ተቀመጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከእግሩ ያገኘዋል፤ መግቢያው ጥቂት፣ መደበቂያው ብዙ፣ ውኃው ቅርብ ነው። ከዚሁ ሸለቆ በላይ በሐደስ መንደር አካባቢ ባለ ዋሻ ውስጥ በ13ኛው መቶ ዓመት ከግብጽ ገዥዎች ከማምሉኮች ጦር ሸሽተው የተሸሸጉ የስምንት ሰዎች አስከሬን ሳይፈርስ ተገኝቷል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በቤሩት ብሔራዊ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። የዋሻው ደረቅነት ልብሳቸውን ሳይቀር ጠብቆታል፤ ወደ ቃዲሻ ከመሄድ በፊት ወይም በኋላ እነርሱን ማየት ተገቢ ነው።

በቀኑቢን አጠገብ የቅድስት ማሪና ዋሻ አለ። በስንክሳራችን እንባ መሪና ተብላ የምትታወሰው እርሷ ናት፦ በወንድ ልብስ ከአባቷ ጋር ገዳም የገባች፣ የሰው ልጅ አስወልደሃል ተብላ በሐሰት ስትከሰስ ማንነቷን ገልጣ ራሷን ከማዳን ይልቅ ሕፃኑን ተቀብላ ያሳደገች፣ እውነቱም ከሞቷ በኋላ የታወቀላት ቅድስት። ማሮናውያን ይህ ሁሉ የሆነው በዚህ ሸለቆ ነው ይላሉ፤ በዋሻዋም ውስጥ ፓትርያርኮቻቸውን ቀብረዋል። ታሪኳን በልጅነቴ ሰምቼ ስለነበር ዋሻው ደጃፍ ላይ ብዙ ቆየሁ።

በሸለቆው ሌላ ቅርንጫፍ ያለው የቅዱስ እንጦንስ ገዳም፣ ቆዝሐያ፣ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። ከገደሉ ፊት ተፈልፍሎ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሣዋል፤ እኔን ያቆመኝ ግን ከመግቢያው አጠገብ ያለው ዋሻ ነው። በዚያ ዋሻ አእምሮአቸው የታወከ ሰዎች ፈውስ ፍለጋ እየመጡ ይታሰሩበት የነበረው ሰንሰለት አሁንም አለ። በእኛም አገር በጸበል ቦታዎች ሕሙማን በሰንሰለት ሲታሰሩ ያየ ሰው ይህን ብረት እንደ ሙዚየም ዕቃ ብቻ አይመለከተውም። ገዳሙ በ1610 በሱርስት ፊደል መዝሙረ ዳዊት የታተመበት ቦታም ነው፤ የእኛ የግዕዝ ዳዊት በ1513 ሮም ላይ መታተሙን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ መኪና እንኳ በጭንቅ በሚደርስበት ገደል ውስጥ ማተሚያ መተከሉ የሚያስደንቅ ነው።

የዝግባው ጫካ ከብሽሪ በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ1,900 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። ትልቅ ደን የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ የቀሩት ዛፎች ጥቂት መቶዎች ናቸው። ፊንቄያውያን መርከብ ሠርተውበታል፤ ግብጻውያን ሙጫውን ለአስከሬን ማድረቂያ ተጠቅመውበታል፤ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የሄደውም ይህ እንጨት ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በ2ኛው መቶ ዓመት የመንግሥት የሆኑትን ዛፎች ለመከለል በተራራው አለቶች ላይ ያስቀረጻቸው ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይገኛሉ፤ ጫካው ያን ጊዜም ጥበቃ ይፈልግ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። ዛሬ የሚታየው የድንጋይ አጥር ደግሞ ፍየሎች ችግኙን እንዳይበሉ በ1876 በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ገንዘብ የተሠራ ነው። ዛፉን ቀርቦ ለሚያየው፣ ቅርንጫፎቹ ጠፍጣፋ ሆነው ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ ፍሬው ቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲበስልም እዚያው ፈርሶ ዘሩ በነፋስ ይበተናል። በዚህ ምክንያት ሙሉ ፍሬ መሬት ላይ ወድቆ ማግኘት ከባድ ነው። ከተከለለው መንገድ መውጣት የበቀለውን ችግኝ መርገጥ ስለሆነ፣ አብረውን የመጡት ለፎቶ ሲሉ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ሳናፍር መናገር አለብን።

ከጫካው በላይ ተራራውን ተሻግሮ ወደ በቃዕ ሜዳና ወደ በዓልበክ የሚወርደው መንገድ በክረምት በበረዶ ይዘጋል፤ የበዓልበክን ቤተ መቅደስና የቀሩትን ስድስት ታላላቅ ዓምዶች በዚያ በኩል ማየት ያሰበ ሰው እስከ ግንቦት መታገሥ ይኖርበታል። ፏፏቴ የሚወድ ግን ቀደም ብሎ ይምጣ፤ በታኑሪን አካባቢ ባለው የባላዕ ገደል፣ ሦስት የተፈጥሮ የድንጋይ ድልድዮች ባሉበት፣ ውኃው የሚበረታው በረዶው በሚቀልጥበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት አይቻልም፤ ምርጫው የወቅት ምርጫ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ሊዘለል የማይገባው ቦታ ኤህደን ነው። ይህን የነገረኝ ማር ሊሻ ላይ ያገኘሁት አንድ አረጋዊ መነኩሴ ነበር። «ሐበሻ ነሽ?» ብሎ ጠይቆኝ፣ «አዎን፣ አቡና» ስለው እጁን ወደ ሰሜን ዘርግቶ «እናንተ እዚህ አገር አዲስ አይደላችሁም» አለኝ። በ15ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ መነኮሳት በኤህደን በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ይኖሩ ነበር፤ ቦታው እስከ ዛሬ የሐበሾች ማር ያዕቆብ ይባላል። በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ በባሕርየ ክርስቶስ ክርክር የተነሣ ከአካባቢው ማሮናውያን ጋር ተጣልተው ተባረሩ። ከኢየሩሳሌም አልፎ እስከዚህ የተራራ ጫፍ የደረሱት እነዚያ አባቶች፣ ዋሻውን፣ ምንጩንና ብርዱን ሲያዩ የአገራቸውን ደጋ ገዳማት አግኝተው እንደነበር አልጠራጠርም።

የኤህደን ሰዎች ክረምቱን ወደ ዝቅተኛው ዝገርታ ስለሚወርዱ ከተማው ሕይወት የሚኖረው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። እኔ መስከረምን እመርጣለሁ፤ ሙቀቱ ይበርዳል፣ መኪናውም ገና አልጠፋም። የተራራው ክርስቲያን መንደሮች የመስቀልን በዓል ዋዜማ በእሳት የሚያከብሩት በእኛ መስከረም 3 ማታ ነው፤ ቤሩት ያለው ማኅበራችን ደመራውን በመስከረም 16 ይለኩሳል፤ በመካከሉ ወደ ላይ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ አለ።