ኢኒሼቲቭ 82 ላይ ድምፄን የወሰንኩበት መንገድ፣ የሳትኩትም

ጥያቄው አጭር ነበር። ድምፅ በተሰጠበት ጊዜ በዋሽንግተን ዲሲ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ ከአሠሪው የሚከፈለው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር፤ የሌላው ሠራተኛ 16 ዶላር ከ10። ኢኒሼቲቭ 82፣ ማለትም ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጥበት የሕግ ሐሳብ፣ ልዩነቱ ደረጃ በደረጃ ጠብቦ እ.ኤ.አ. በ2027 ሁለቱ እኩል ይሁኑ፣ ቲፑም እንዳለ ይቀጥል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2022 ለከተማው ነዋሪ ለድምፅ ቀረበ።

ለአበሻ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ዩ ስትሪት፣ ናይንዝ ስትሪት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለቤቱም አስተናጋጇም የእኛው ሰው ናቸው። መኪና አቁሞ ቁልፍ የሚቀበለውም ቲፕ ተቀባይ ነውና ሕጉ ይነካዋል። ስለዚህ “ለወገኔ አዝናለሁ” ብሎ መወሰን አይቻልም። ለየትኛው ወገን?

የጀመርኩት የማምንበትን በመጻፍ ነው፣ ማስታወቂያው ጆሮዬን ሳይሞላው። “ፍትሕ” እና “ርኅራኄ” ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ “አዎ” ባዩም “አይ” ባዩም እነዚሁኑ ቃላት ይዞ ይመጣል። ሊፈተን የሚችል ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። የኔ ሦስት ነበሩ። አንደኛ፣ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ገንዘብ በደንበኛው ስሜት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ሁለተኛ፣ ሕግ የሚጠቅመው ደካማው ሰው ካለቃው ጋር ሳይካሰስ ሊያስከብረው ሲችል ነው። ሦስተኛ፣ ቤተሰብ የሚያንቀሳቅሰው ንግድ በአንድ ቀን በሚጫን ሸክም መዘጋት የለበትም። ቅደም ተከተላቸውም ትርጉም አለው፤ ሲጋጩ የቱ እንደሚሸነፍ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው የቅርብ ጓደኛ ነው።

ቀጥሎ ሰዎቹን ጻፍኩ፦ አስተናጋጇ፣ የባር ሠራተኛው፣ ማብሰያ ቤት ያለችው፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ደንበኛው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ርኅራኄ ብርሃኑ ጠባብ ነው፤ የሚያበራው ፊቱን የምናውቀው ሰው ላይ ብቻ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምናገኛት እትዬ እንትና ባለ ምግብ ቤት ከሆኑ፣ ሕጉ በሙሉ የሳቸውን ፊት ይመስላል። ከሁሉ የሚረሳው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ እያደረ ዲሲ ገብቶ የሚሠራው ነው። የመጀመሪያው ሜሪላንድ፣ ሁለተኛው ቨርጂኒያ ነው። ሕጉ ደመወዙን ይወስናል፤ እሱ ግን አይመርጥም። በወረቀቴ ላይ ከስሙ አጠገብ “ድምፅ የለውም” ብዬ ጻፍኩ፤ ሚዛኑን ያዘነበለብኝ ይህ ነው ብል አልዋሸሁም።

አጠያየቅም አለው። “ትደግፊያለሽ?” ብሎ መጠየቅ ምንም አያመጣም፣ በተለይ የምግብ ቤቱ ባለቤት ካጠገብ ካሉ። የሚሠራው ጥያቄ ይህ ነው፦ “ባለፈው ሳምንት ዝቅ ያለው ቀንሽ ስንት ገባ? ከፍ ያለውስ?” መልሱ ሁልጊዜ በቀን ስም ነው፤ ማክሰኞ እና ቅዳሜ። ባለቤትን ደግሞ “ትዘጊያለሽ ወይ?” ሳይሆን “በሳምንት ስንት የአስተናጋጅ ሰዓት ትከፍያለሽ?” ነው የሚባለው። አንድ ሰው ፍርሃቱን ሲናገር እሰማለሁ፤ ቁጥሩን ሲነግረኝ ግን ለሌላውም ማስላት እችላለሁ።

የአስተናጋጇ ሒሳብ እንዲህ ነው። በሳምንት 30 ሰዓት ትሠራለች እንበል። በ5.35 ሲባዛ 160 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በሙሉው 16.10 ቢሆን 483 ዶላር ነበር። መሐል ያለውን 322 ዶላር ከ50 ቲፕ ይሞላዋል፣ ካልሞላው አሠሪው መጨመር አለበት። “እንግዲህ ምን ችግር አለው?” የሚል ብዙ ነበር። ችግሩ ሒሳቡ የሚያዘው በሳምንት አማካይ መሆኑ ነው። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ቆማ 15 ዶላር ይዛ ብትገባ፣ ቅዳሜ ያገኘችው ያንን ይሸፍነዋል፤ ቀዳዳው በወረቀት ላይ አይታይም። ጎደለብኝ የምትል ከሆነ ደግሞ የየቀኑን ቲፕ ራሷ መዝግባ፣ ከፔይ ስታቡ (ከደመወዝ ደረሰኙ) ጋር አስተያይታ፣ ከቀጠራት ሰው ጋር መፋጠጥ አለባት። እንግሊዝኛው ገና ላልለመደላት፣ ሥራውንም በዘመድ ላገኘች ልጅ ይህ መብት የሚባለው በስም ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሬ መልሱን ያገኘው እዚህ ነው።

የምግብ ቤቱን ባለቤት ሒሳብ ሳይሠሩ ማለፍ ግን ማጭበርበር ነው። አራት አስተናጋጅ በ30 ሰዓት 120 ሰዓት ይሆናል። ከ5.35 ወደ 16.10 ሲሄድ ጭማሪው 10.75 ነው፤ በሳምንት 1,290 ዶላር፣ የአሠሪው ግብር ሳይቆጠር። ሽያጩ በሳምንት 15,000 ከሆነ 8.6 በመቶ ማለት ነው፤ 25 ዶላር የነበረው ምግብ 27 ዶላር ከ15 ሳንቲም ይሆናል። ሽያጩ 7,000 የሆነ ቤት ላይ ግን ያው 1,290 ከ18 በመቶ ይበልጣል። አበሻ ቤት ደግሞ አራት ሰው አንድ ትሪ ከቦ ቡና እስኪጠጣ ወንበር ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ የእትዬ ስጋት ንፉግነት አይደለም። ሆኖም ጭማሪው በአንድ ቀን አይመጣም፤ ከ2023 ጀምሮ በሰዓት 6፣ 8፣ 10 ዶላር እያለ ነው የተቀመጠው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገሬ “በአንድ ቀን” ስለሚል በዚህ አለፈ። “አዎ” አልኩ።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ሥራ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ የእኛን ሰው ያሰናክላል። በፖስታ የመጣውን ድምፅ ሲልኩ በኤንቨሎፑ ላይ ያለው ፊርማ ምዝገባ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ በፊደል ፈርሞ፣ አሁን በላቲን የሚፈርም ሰው ፊርማው አልገጠመም ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲመጣ እንደ ማጭበርበሪያ ደብዳቤ መጣል አይገባም፤ በቀኑ ካልተስተካከለ ድምፁ አይቆጠርም። በቀረው ከምርጫዎ አጠገብ ያለውን ሞላላ ሙሉ በሙሉ ማጥቆር፣ የማያውቁትን ጥያቄ ባዶ መተው፤ ባዶ የተተወው ሌላውን አያበላሽም።

ኢኒሼቲቩ ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ አለፈ። የሳትኩት ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው።

አንደኛው ሰርቪስ ፊ፣ ማለትም ደረሰኝ ላይ የሚጨመር የአገልግሎት ክፍያ ነው። ዋጋው ሜኑ ላይ ይጨመራል ብዬ ነበር ያሰላሁት። ብዙ ቤት ግን ደረሰኙ ሥር 10 ወይም 20 በመቶ ጨመረ፤ ደንበኛውም ቲፕ መስሎት የራሱን ቲፕ ቀነሰ ወይም ተወ። ሰርቪስ ፊ ግን የአሠሪው ገንዘብ ነው፣ ለሠራተኛ ይሰጣል ብሎ ካላሳወቀ በቀር። “ደንበኛው” የሚለውን ሰው ጽፌ ደረሰኝ ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ አለመጠየቄ የሒሳቤ ቀዳዳ ነበር።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ዲሲ ውስጥ ሕዝብ በኢኒሼቲቭ ያጸደቀው ሕግ እንደማንኛውም ሕግ ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ሊያሻሽለው፣ ሊሽረውም ይችላል። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ ይኸው ሐሳብ ኢኒሼቲቭ 77 ተብሎ በ2018 ጁን አልፎ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ምክር ቤቱ ሽሮታል። በ2025ም ወደ 12 ዶላር ሊወጣ የነበረውን አስቆመና፣ ክፍያው እስከ 2034 ቀስ እያለ ከሙሉው ዝቅተኛ ክፍያ 75 በመቶ እንዲደርስ ብቻ ወሰነ። እኩልነቱ ቀረ። እኔ ለአንዱ ጥያቄ አንድ ሳምንት ሙሉ ስደክም፣ በዚያው ወረቀት ላይ ለምክር ቤት የተወዳደሩትን ስለ 77 ምን አቋም እንደነበራቸው ሳላጣራ በስም እውቅና አጥቁሬ ነበር።

አሁን ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች መጀመሪያ የምፈትንባቸው የምክር ቤት እጩዎችን ነው፤ አሁን በምክር ቤቱ ላለው እጩ ጥያቄዬ አንድ ነው፣ በ2025 እጅህን ለየትኛው አነሣህ? ምግብ ቤት ደግሞ ደረሰኙ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት በሌሉበት ዝቅ ባለ ድምፅ፦ “እህቴ፣ ይህቺ 20 በመቶ ላንቺ ትደርሳለች?”