ቫርካላና ቢሾፍቱ በአንድ መስመር

ወደ ቫርካላ የወሰደኝ የባሕር ናፍቆት ብቻ አልነበረም። በ1970ዎቹ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ጂኦግራፊ ያስተማሩን ሰው ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬራላ ግዛት የመጡ ነበሩ፤ ያኔ በየክፍለ ሀገሩ ከነበሩት ብዙ ሕንዳውያን መምህራን አንዱ። አንድ ቀን የዓለም ካርታ ሰቅለው ማስመሪያቸውን ከከተማችን ወደ ምሥራቅ በአግድም ዘረጉና ሶማሊያን አልፈው፣ የዓረብን ባሕር ተሻግረው የትውልድ ከተማቸው ቫርካላ ላይ አቆሙት። «ቤቴና ቤታችሁ በአንድ መስመር ላይ ናቸው» አሉን። እውነትም ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ።

ባለፈው ጥር ከኬራላ ዋና ከተማ ከትሪቫንድረም ተሳፍሬ፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ የባቡር ጉዞ ደረስሁ። ቫርካላ የማትቸኩል ከተማ ናት። ኬራላ በአብዛኛው ዝቅ ያለ ጠረፍ ሲኖራት፣ እዚህ ግን ቀይ ገደል ከባሕሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሻይ ቤቶቹና ማረፊያዎቹ በገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረዋል፤ አሸዋው ላይ ለመድረስ ረጅም ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። የዝናቡ ውኃ ቀዩን ድንጋይ ሰርጎ ይወርድና ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ሲያግደው ከገደሉ ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። ያው ውኃ ገደሉን ከውስጥ ስለሚያላላው አፋፉ በየጊዜው ይናዳል፤ ቤቶቹን እስከ ጫፉ ድረስ ማስጠጋታቸው አሳዝኖኛል።

ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ፓፓናሳም የሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው፤ ስሙ «ኃጢአትን የሚያጠፋ» ማለት ነው። በማለዳ ስወርድ ሰዎች በካህናት ፊት ተቀምጠው፣ የበሰለ ሩዝና ሰሊጥ በሙዝ ቅጠል ላይ አድርገው ለሞቱ ወላጆቻቸው ጸሎት ያደርሱ ነበር። ጸሎቱ ሲያበቃ ቅጠሉን ይዘው ወደ ባሕሩ ይገባሉ፤ ማዕበሉም ተቀብሎ ይወስደዋል። አጠገባቸው የውጭ አገር ሰዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ማንም በማንም አይከፋም። የእኛን ተዝካር አሰብሁ። መምህሬንም አሰብሁ፤ ነገር ግን በሕይወት ካሉት ልቁጠራቸው ወይስ ካለፉት፣ ለመወሰን አልደፈርሁም። ስማቸውን ጠቅሼ ሰው መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም።

በመጨረሻው ቀን ማታ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኜ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስትገባ ተመለከትሁ። ማስመሪያው የመጣበት አቅጣጫ ያ ነበር። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ሁለት ሰዓት ተኩል በመሆኑ፣ በእኔ ፊት ቀኑ ሲመሽ በቢሾፍቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ተማሪዎች ደብተራቸውን ሰብስበው ደወሉን የሚጠብቁበት ሰዓት።