ከሳኦ ፓውሎ ደርሶ መልስ

እዚህ ሳኦ ፓውሎ ያለን ሐበሾች ብዙ አይደለንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደዚህ ይበራል። እኔ ከማውቃቸው ልጆች ግን ብዙዎቹ ከተማዋን መሸጋገሪያ አድርገው ነው ያዩዋት። ትንሽ ሠርተው ወደ ሰሜን ቀጠሉ። የቀረነው ሥራ ያዝን፣ ቤት ተጋራን፣ ቋንቋውን እየተኮላተፍን ለመድን።

እኔ የምሠራው ብራስ ሰፈር፣ ልብስ መሸጫ ውስጥ ነው። የብራስ ገበያ ሳይነጋ ይደምቃል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሕይወት ሱቅና አልጋ ነው። እሁድ ደግሞ ልብስ ይታጠባል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሀገር ቤት ይደወላል፣ ቀኑ ያልቃል። ዓመታት ኖረው ሜትሮው ከሚደርስበት አልፈው ያልሄዱ ወገኖች አሉን። ብራዚልን አየን ሲሉ ያዩት ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚተራመስባትን አንዲት ከተማ ነው። ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ምክንያቱ ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያስቀረን ከየት እንደሚነሳ፣ በምን እንደሚኬድ፣ መቼ እንደሚመለስ አለማወቅ ነው። እሱን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

እኔ ጉዞ የማቅደው ከመመለሻው ጀምሬ ነው። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ ሰው እሁድ እኩለ ሌሊት ቤቱ ቢገባ ሳምንቱን ሙሉ ድካም ይዞት ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ "ከምሽቱ 1 ሰዓት ቤቴ መግባት አለብኝ" እላለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የእሁድ ማታ መጨናነቅ ስንት ይጨምርበታል? የተረፈው ሰዓት አንድን ቦታ በወጉ ለማየት የማይበቃ ከሆነ፣ ያ ቦታ የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም። ካምፖስ ዶ ዦርዳኦ የምትባለውን ደጋ ከተማ ብዙ ሰው ይወዳታል፤ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷም የሀገር ቤትን ያስታውሳል። ግን ከዚህ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ማደር ለሚችል ሰው እንጂ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ለሚከፍት አልመክራትም።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ትኬት ላይ የሚታተመው ግን በ24 ሰዓት ነው። 13:00 የሚለው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በነገራችን ላይ የሳኦ ፓውሎና የአዲስ አበባ ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ስልኬ ላይ ጠዋት 7:00 ሲል እናቴ ጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆኗል። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ስደውልላት መደመር መቀነስ የለብኝም።

ቀጥሎ መናኸሪያውን ለዩ። ከተማዋ ሦስት ትልልቅ መናኸሪያዎች አሏት፤ ሦስቱም ከሜትሮ ጣቢያ ጋር የተያያዙ ናቸው። ወደ ወደብ ከተማዋ ሳንቶስና አካባቢው ባሕር የሚወርደው አብዛኛው አውቶቡስ የሚነሳው ከዣባኳራ ነው፤ የሰማያዊው መስመር የደቡብ ጫፍ። ወደ ሪዮ አቅጣጫ የሚሄደው ከቲዬቴ ይነሳል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ ከባሃ ፉንዳ። መናኸሪያ የተሳሳተ ሰው ከተማዋን አቋርጦ እስኪደርስ ጠዋቱ ያልቅበታል። እሁድ የከተማው አውቶቡስ ከ2023 ታኅሣሥ ወዲህ ነጻ ነው። ሜትሮና ባቡር ግን ይከፈልባቸዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ሳንቶስን ነው የምመክረው። ሳኦ ፓውሎ ከባሕር ጠለል በላይ 760 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕሩ ደግሞ 70 እና 80 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ያ ሁሉ ከፍታ የሚወረደው ሴራ ዶ ማር በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። መንገዱ ከዋሻ ወጥቶ ድልድይ፣ ከድልድይ አልፎ ዋሻ ይገባል። የጣርማ በርን ቁልቁለት የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እዚህ ግን ገደሉ ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ደን ለብሷል፤ ሰማዩ ከጠራ ታች ባሕሩ ይታያል።

ብዙው ሰው ከአውቶቡስ እንደወረደ ወደ ባሕር ዳርቻው ነው የሚሮጠው። እናንተ ግን መጀመሪያ አሮጌው ከተማ ውስጥ ቆዩልኝ። መናኸሪያው እዚያው አጠገብ ነው። ትንሽ በእግር ስትሄዱ የቡና ሙዚየሙን ታገኛላችሁ። ሕንፃው የቡና ምርት ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ብራዚል የነጻነቷን 100ኛ ዓመት ስታከብር ነው የተመረቀው። አዳራሹ ውስጥ ነጋዴዎቹ ይቀመጡባቸው የነበሩት ወንበሮች በክብ እንደተደረደሩ አሉ። ጣሪያው ባለ ቀለም መስታወት ነው። እነዚያ ወንበሮች ላይ የተቀመጡ ሰዎች የቡናውን ዋጋ ይቆርጡ ነበር።

እኔ ያደግሁት ጅማ ነው። ቡና ሲለቀም፣ ሲሰጣ፣ ሲበጠር እያየሁ። እዚያ አዳራሽ መሀል ስቆም ጉሮሮዬን አነቀኝ። የቡናው ዘር ከእኛ ጫካ ወጥቶ፣ የመንን አልፎ፣ በአውሮፓውያን እጅ ዞሮ፣ በ1727 ከፈረንሳይ ጊያና ብራዚል ገባ። እዚህ ማሳው ላይ ያለቀሱት ደግሞ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1888 ነው። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖችና ጃፓኖች በመርከብ እየመጡ ለቀሙት። ሳኦ ፓውሎን ትልቅ ከተማ ያደረጋት ብር የመጣው ከዚህ ፍሬ ነው። ስደተኛ ነኝ ብዬ አንገቴን ደፍቼ በምሄድባት ከተማ መሠረት ውስጥ የሀገሬ ፍሬና የአፍሪካውያን ላብ አለ። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና እዚያ ቆሞ ማየት አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ጓደኞቼን ሁሉ ሳንቶስ ሂዱ እያልኩ የምጨቀጭቀው።

ሙዚየሙ ውስጥ ካፌ አለ። ቡና የቀዳችልኝ ልጅ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ ስላት የሥራ ባልደረባዋን ጠርታ አስተዋወቀችኝ። ሁለቱም በእናንተ ሀገር ቡና እንዴት ነው የሚጠጣው አሉኝ። በምችለው ፖርቱጋልኛ ስለ መቁላቱ፣ ስለ ጀበናው፣ ስለ አቦልና ቶና ነገርኳቸው። ያን ቀን ስለራሴ የሚጠይቀኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከሙዚየሙ ብዙ ሳትርቁ በ2014 የተከፈተው የፔሌ ሙዚየም አለ። ኳስ ለሚወድ ሰው ይሄ ብቻውን ለጉዞው ይበቃል። ባሕር ዳርቻው በሌላኛው የከተማው ጫፍ ስለሆነ የከተማ አውቶቡስ ያስፈልጋል። ዳርቻውን ተከትሎ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የአትክልት ስፍራ አለ። ቀና ብላችሁ ሕንፃዎቹን እዩ። አንዳንዶቹ ያዘነበሉ ናቸው፤ ከሥር ያለው አፈር ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ መሠረታቸው ሰምጦ ነው። መመለሻችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት አይለፍ። ፀሐይ በወጣበት እሁድ ማታ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ያንን ተራራ ሊወጣ ይሰለፋል።

ያ ቡና ወደ ወደቡ የወረደበትን መንገድ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፓራናፒያካባ አለላችሁ። እንግሊዞች ከሳንቶስ ወደ ላይ የዘረጉት ባቡር በ1867 ሥራ ጀመረ። ዳገቱ ስለከፋ ባቡሩን በገመድ ነበር የሚስቡት። ለሠራተኞቹ ተራራው ጫፍ ላይ መንደር ሠሩ። የእንጨት ቤቶቹ አሁንም አሉ፤ ለንደን ያለውን የሚመስለው የሰዓት ማማም ቆሟል። የዋናው መሐንዲስ ቤት ከኮረብታው ላይ መንደሩን ሁሉ ቁልቁል ያያል። ሠራተኛውን ለመቆጣጠር የሚመች ቦታ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል።

ይሄኛው ለእኛ ለብራስ ሰዎች በጣም ይቀለናል። ከብራስ ጣቢያ ባቡር ይዛችሁ የመስመሩ መጨረሻ፣ ሪዮ ግራንዴ ዳ ሴራ ትወርዳላችሁ። ከዚያ አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ፣ እንደ ደረሳችሁ የመመለሻውን ሰዓት ጠይቁና ጻፉት። ጃኬት አትርሱ። ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት ተራራው ላይ ጉም ስለሚሆን፣ ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት ድልድዩ ማዶ ያለው ሰው ላይታያችሁ ይችላል። ካምቡሲ የሚባል አረንጓዴ፣ ጎምዛዛ ፍሬ አለ። ጭማቂውን ቅመሱት።

ልጆች ያላችሁ፣ ረጅም መንገድ የማትችሉ፣ ኢምቡ ዳስ አርቴስ ሂዱ። ቅርብ ናት። ቅዳሜና እሁድ የእደ ጥበብ ገበያ ይቆማል። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ስለ ምግብ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ሁዳዴና ፍልሰታ እሁድንም ስለሚይዙ። ሩዝና ቦሎቄ የትም አለ፤ ግን ቦሎቄው ውስጥ የአሳማ ሥጋ ይጨምሩበታል፣ ሳትጠይቁ አትብሉ። ጠረጴዛችሁ ላይ ቀጭን ተከትፎ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን ካያችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። የእኛው ጎመን ነው ማለት ይቻላል። ገበያ ላይ ከሎሚ ጋር የሚጨመቅ የሸንኮራ ጭማቂ ረሃብ ያስታግሳል። እኔ ግን ሁልጊዜ ስንቅ እይዛለሁ። ዳቦ፣ ኦቾሎኒ፣ ውኃ። ወጪውንም ይቀንሳል።

ወረቀት ዋና ነገር ነው። አብራኝ የምትኖረውን ልጅ አንድ የትኬት መስኮት ላይ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀቷን መታወቂያ አይደለም ብለው መልሰዋታል። ወረቀቷ ትክክለኛ ነበር። ሌላ መስኮት ሄደን ተሸጠልን፤ ግን አውቶቡሱ አመለጠን፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ተከፍታ ዋለች። ሰው በገዛ ሕጋዊ ወረቀቱ እንዲህ ሲዋረድ ማየት ያማል። ከ2018 ወዲህ ለጥገኝነት ጠያቂ የሚሰጥ ጊዜያዊ ካርድ አለ። እሱን ያላወጣችሁ አውጡ። ዋናውን ያዙ፣ ፎቶውንም ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ። የግብር ከፋይ ቁጥራችሁንም በቃላችሁ ያዙት፤ ትኬት ስትገዙ ይጠየቃል።

የአየሩ ነገር ከሀገራችን የተገለበጠ ነው። ገናና ጥምቀት ላይ እዚህ ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ይወርዳል። የእኛ ሐምሌ እዚህ ደረቅና ብርዳም ነው። ለተራራ መንገድ ያ ጊዜ ይሻላል። በየካቲት 2023 የካርኒቫል ሰሞን በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ሳኦ ሴባስቲያኦ ላይ ዝናቡ ተራራውን አንሸራትቶ ከ60 በላይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የዝናብ ማስጠንቀቂያ ካለ ቤታችሁ ተቀመጡ። ትኬቱ ይቃጠል።

አፓሬሲዳ የምትባለውን ከተማ ሳልናገር አላልፍም። ከቲዬቴ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ለእሁድ ረጅም ቢሆንም በጠዋት ለተነሳ ይቻላል። በ1717 ዓሣ አጥማጆች ከወንዝ ያወጧት ትንሽ የሸክላ የማርያም ምስል አለች። ፊቷ ጥቁር ነው። የብራዚል ጠባቂ ናት ይሏታል፤ ኦክቶበር 12 በዓሏ ሀገር ሁሉ ሥራ ይዘጋል። ሥርዓቱ የእኛ አይደለም። ግን ሰው ተንበርክኮ በጉልበቱ ድልድይ ሲሻገር ስታዩ፣ ስለት የገባበት ክፍል ውስጥ ፎቶውን፣ የሰም እጅና እግሩን፣ የሙሽራ ቀሚሱን ስታዩ፣ ቁልቢ የሄደ ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ። እኔ ለእናቴ ጸለይኩ። የበዓሉን ሰሞን ግን ሽሹ፤ እግር መጣያ የለም።

ለዘንድሮው እንቁጣጣሽ ኦላምብራን አስበናል። በ1948 የመጡ ሆላንዳውያን የመሠረቷት የአበባ ከተማ ናት፤ ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ፣ ልክ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን፣ ትልቅ የአበባ ኤግዚቢሽን ይኖራል። በአውቶቡስ መቀያየር ስላለበት ቫን ከነሹፌሩ ተከራይተን ወጪውን እንካፈላለን። በበዓሉ ሳምንት እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከብራስ ሜትሮ በር እንነሳለን፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እንመለሳለን። የሀገር ልብስ ያላችሁ ልበሱ። ድፎ ዳቦውን እኔ እደፋለሁ፤ ጀበናና ፔርሙስ የሚይዝ ሰው ግን ገና አላገኘንም። የምትመጡ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አሳውቁን፤ ቫኑን በሰው ቁጥር ነው የምንይዘው።