ሥጋ የሌለው ማዕድ

የዛሬው እራት አትክልት ብቻ በሚያቀርብ፣ ደረጃው ከፍ ባለ ሬስቶራንት ነበር። የጃፓኑ ሾርባ ግሩም ነው! መረቁ በተለምዶ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፤ እዚህ ኮምቡ የተባለ የባሕር አረምና ደረቅ ሺታኬ እንጉዳይ ተክተውታል። ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ያህል ኮምቡ ይበቃል። በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ በ60 ዲግሪ ገደማ ለ1 ሰዓት ይቆያል፤ ከፈላ ይመራል፣ ይዝለገለጋል።

ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው ቶፉ ግን ውሃ እንደቋጠረ ነው የመጣው። ከመጠበሱ በፊት ለ20 ደቂቃ ከባድ ነገር ቢጫነው ኖሮ ላዩ ይንኮሻኮሽ ነበር። እንጉዳይም መጥበሻ ላይ ከተጨናነቀ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

እንዲህ ያለ ቤት ስትገቡ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ካሪ በተባለው የታይላንድ ቅመማም ወጥ ውስጥ የተፈጨ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) አለ? ቺዙስ ፓርሜዛን ነው? እውነተኛው የጣሊያን ፓርሜዛን የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ኢንዛይም ነው።