ጫት ያስቆጠረኝ 36 ነጥብ

ቅዳሜ ማታ ስክራብል ስንጫወት (ከከረጢት የሚወጡ ፊደል ያለባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ ደርድሮ የእንግሊዝኛ ቃል መሥራት ነው) ልጄ ላይ በአንድ ተራ 36 ነጥብ አስቆጠርኩ። ቃሉ ጫት ነው። የእንግሊዝኛው መዝገብ በኪው፣ በኤ እና በቲ ይጽፈዋል፤ ቃት። በራሱ 12 ነጥብ ነው፣ ቃሉን ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ቀይ ሳጥን ላይ ሲያርፍ 36 ይሆናል። ስክራብል መማር ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው፤ እንዲህ ደረቴን የነፋሁበት ቀን የለም።

ስለ አጀማመሬ ብዙ አላወራም። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ የምንጫወተው በአሜሪካኖቹ የቃላት ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት 107 ናቸው። ገልብጬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ወተት ባወጣሁ ቁጥር አምስት አምስት እያልኩ ጨረስኳቸው። እነሱን ሳይዙ መጫወት ባዶ ኪስ ይዞ ገበያ መውጣት ነው።

ጣጣዬ ኪው ነበረች። ከ100ዎቹ ጠጠሮች መሃል አንዲት ብቻ ናት፣ ዋጋዋ 10። በእንግሊዝኛ ኪው ያለ ዩ ብዙም አትሄድም፤ ዩ አራት አሉ፣ ግን እኔ ጋ መምጣት አይወዱም። ተጋጣሚህ ቀድሞህ ከጨረሰ፣ እጅህ ላይ የቀረችው ኪው ካንተ ተቀንሳ ለእሱ ትደመራለች። ስንት ጨዋታ በዚህች አንዲት ፊደል ተበላሁ መሰላችሁ!

ጥፋቱ የልማድ ነው። በላቲን ፊደል ቴክስት ስንጻጻፍ ለእኛ ኪው ማለት ቀ ናት። ቅቤ፣ ቀን፣ ቅዳሜ ስንጽፍ ዩን ማን ይጠራታል? ታዲያ ኪው በመጣች ቁጥር ዓይኔ አማርኛ ያነባል። አንድ ቀን ጭራሽ "ቅኔ" ብዬ ደረደርኩ።

"አባዬ፣ ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም" አለች ልጄ። መዝገቡ ታየ። የለም። ተራዬ ተቃጠለ።

መላው የመጣውም ከዚያው ልማድ ነው። ከኪው ቀጥሎ ዩ የሌለባቸውን ቃላት ዝርዝር ሳየው ብዙዎቹ ከዓረብኛ የገቡ ናቸው፤ የጎረቤት ዘመድ በሉት። ቃዲ አለ፣ ዳኛው፤ 14 ነጥብ። ጠላቅ አለ፣ ፍቺው፤ እሱም 14። ሱቅም አለ! ዩ መፈለጉ ነው እንጂ።

ቃት ላይ ግን ለረጅም ጊዜ አልባነንኩም፣ የእኛው በጨ ይጀምራላ። የመኖች ቃት፣ ሶማሌዎች ቃድ፣ ኦሮሞዎች ጂማ፣ ኬንያውያን ሚራ ይሉታል። እንግሊዝኛው ሦስት አጻጻፍ ፈቅዶለታል፦ በኬ ብቻ 7 ነጥብ፣ ኤች ሲጨመርበት 11፣ በኪው 12። በኬ የተጻፈችዋን ካት ደግሞ ሆላንዳዊ ቢያያት ድመት ናት፣ ቱርክ ቢያያት ፎቅ፣ ፖላንዳዊ ቢያያት የሞት ፍርደኛ ገዳይ። ጫትን እኛ እንደምንጠራው በሲ እና በኤች ብንጽፈውስ? ለፈረንሳዩ አሁንም ድመት፣ ለእንግሊዙ ወሬ። እንግሊዙ ብዙም አልተሳሳተም፤ ጫት ባለበት ወሬ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ተክሉ አሜሪካ ውስጥ ክልክል ነው። ቃሉን ግን ማንም አይከለክላችሁም።

ቃልን ያለ ትርጉሙ መሸምደድ አልወድም። ናይጀል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ፈረንሳይኛ ሳይናገር በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል ሻምፒዮን ሆኗል አሉኝ። እውነት ነው፣ ሰምቼም ተናድጃለሁ። በእኔ ጭንቅላት ግን ታሪክ የሌለው ቃል አያድርም። እርግጥ ታሪክ ያለውም ሁሉ አያድርም፤ ባለፈው ሳምንት "ጤፍ" በሁለት ኤፍ ሙሉውን፣ 10 ነጥብ፣ እጄ ላይ ተቀምጦ ሳላየው ቀረሁ። የጤፍ አገር ልጅ!

ምክር ከፈለጋችሁ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከሰባት ፊደል በታች ከመቅረቱ በፊት ኪውን ቀይሯት። ከዚያ ወዲያ መቀየር አይቻልም። እኔ ራሴ አልቀይራትም፤ አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች እያልኩ እስከ መጨረሻው አቅፌያት እቀመጣለሁ።

የቅዳሜው ጉራዬም ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው ዙር ኪው ለልጄ ወጣችላት። ፊደሉን ሦስት እጥፍ የሚያደርገው ሰማያዊ ሳጥን ላይ አሳረፈቻትና ወደ ጎንም ወደ ታችም ቺ የምትል ቃል ሠራችባት። ኪው እና አይ ብቻ። 31 ሲደመር 31፣ በአንድ ተራ 62!

"ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ! ዝርዝሩ ላይ አለ" አለችኝ።

ትርጉሙን እኔው ፈለግኩላት። ቻይንኛ ነው፤ እስትንፋስ፣ የሕይወት ኃይል ማለት። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ስትለውጪው ሰባትም፣ ሚስትም፣ ባንዲራም ይሆናል፤ አሜሪካኖቹም ከ2006 ጀምሮ ተቀብለውታል እያልኩ ስተነትንላት፣ እሷ ጠጠሮቹን ወደ ከረጢቱ እየመለሰች ነበር።