ስሙን ያልጠየቅነው ልጅ (የፋሲካ መልእክቴ)

ወዳጆቼ እንኳን ለብርሃነ ትንሳኤው በሰላም አደረሳችሁ! 55ቱንም ቀን የጾማችሁ፣ ጀምራችሁ መሀል ላይ ያቋረጣችሁ፣ እንደኔ ሰሙነ ህማማትን ብቻ በደንብ የያዛችሁ፣ ሁላችንንም እንኳን አብሮ አደረሰን። ይሄን የምጽፈው ቅዳሜ ማታ ነው፣ ጠዋት የተሰጠችን ቄጤማ ግንባሬ ላይ እንደታሰረች ነች፣ ኪችን ውስጥ ደግሞ ሽንኩርት እየተቁላላ ስለሆነ አይኔ እያነባ ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ስሜታዊ ከሆንኩባችሁ ሽንኩርቱ ነው በሉ።

ሁሌ በበዓል አንድ ፎቶና ሁለት መስመር ለጥፌ ነበር የምጠፋው፣ ዘንድሮ ግን የምር የምነግራችሁ አለኝ። ነገሩ የአምና ነው። አምና በዚህ ሰዓት ሥራ አጥ ነበርኩ፣ ጾሙ ሊገባ አካባቢ "ሠራተኛ እየቀነስን ነው" ተብዬ ወጣሁ፣ ከዛ በቃ ሲቪ መላክ ነው፣ መልስ የለም፣ ደግሞ መላክ ነው፣ ኪራይ ግን ማንንም አይጠብቅም። ስልኬን ሳይለንት አድርጌ ነበር የምውለው፣ ሰው "እንዴት ነህ" ሲለኝ ራሱ ይደብረኛል። እጸልይ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን ጸሎቴ ሁሉ ጌታ ሆይ ሥራ፣ ጌታ ሆይ ኪራይ፣ ጌታ ሆይ እኔ፣ ጌታ ሆይ እኔ ነበር።

ኮንዶሚኒየማችን ግራውንድ ላይ አንዲት እማማ አሉ። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ቆይቷል፣ ማክሰኞና አርብ እጥበት አላቸው። (በሳምንት ሦስቴ ቢሆን ነበር ጥሩው፣ ግን ከኪሱ እየከፈለ ሦስቴ የሚችለው ስንቱ ነው፣ ብዙ ሰው በሁለት ነው የሚገፋው።) ማሽኑ ደግሞ በዓል አያውቅም። እና ስቅለት ዕለት በጠዋት በሬን ቆረቆሩና "ልጄ፣ የሚወስደኝ ልጅ ክፍለ ሀገር ገብቷል፣ አንተ መቼም ሥራ የለህም፣ ተነስ ውሰደኝ" አሉኝ። እንዲህ ፊት ለፊት! እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የተነሳሁት፣ ታክሲ ውስጥ ራሱ አኩርፌ ነበር፣ እሳቸው ግን ያንን ቁም ነገር ሳይሉት ጉልባን እንደቀቀሉና ለየቤቱ እንዳደረሱ ያወሩኛል፣ ለራሳቸው ባቄላ ብዙ እንዳይበሉ ተከልክለዋል እኮ፣ ፖታሲየም ምናምን አለበት ተብለው።

እጥበት ማለት ገብታችሁ ካላያችሁት ለማስረዳት ይከብዳል። ደሙ በአንድ ቱቦ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ይጣራና በሌላ ቱቦ ይመለሳል፣ አራት ሰዓት ገደማ እንደዛ ተይዘህ መቀመጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቲቪ ነበር፣ የስቅለት ስግደት በቀጥታ እየተላለፈ። እማማ መስገድ አይችሉም፣ እጃቸው ከማሽኑ ጋር ነው፣ ግን ህዝቡ ኪርያላይሶን ባለ ቁጥር አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቀና ስል ከፊት ለፊታቸው ያሉትም ሰውዬ፣ ከጎናቸው ያለችውም ልጅ፣ ሁሉም አንገቱን ዝቅ እያደረገ ነው። ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም ብዬ ነበር፣ ግን እንጃ።

ሌላው የማላውቀው ነገር ጥማቱ ነው። ኩላሊት ካልሠራ የጠጣኸው ውሃ መውጫ የለውም፣ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ የሚጠጡት ተለክቶ ነው፣ እማማ ትንሽ ቴርሞስ ውስጥ የበረዶ ቁራጭ ይዘው ይሄዱና ሲብስባቸው አንዷን ይመጧታል። እኛ ስቅለት ዕለት እስከ ማታ ጉሮሯችን ሲደርቅ ትልቅ ነገር የሠራን ይመስለናል፣ እነሱ ዓመቱን ሙሉ እንደተጠሙ ነው። "ተጠማሁ" የሚለውን ቃል ከዛ በኋላ እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

እና ዋናው ነገር፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ልጅ ቁጭ ብሏል፣ ሃያዎቹ መጀመሪያ ቢሆን ነው፣ ጋቢ ለብሷል፣ ከገጠር እንደመጣ ያስታውቃል። ተራው ደርሷል፣ ወንበሩም ባዶ ነው፣ ግን ብሩ አልሞላለትም። ማን እንደተናገረ አላየሁም፣ ብቻ ወሬው ከወንበር ወንበር ዞረ። እማማ ጠሩኝና የነጠላቸውን ጫፍ ፍታልኝ አሉኝ፣ የተቋጠረ ብር አለ።

"የዶሮዋ ነው፣ ስጠው።"

"እንዴ እማማ፣ ዶሮውስ?"

"ጨው የሌለው ዶሮ ወጥ ምኑ ዶሮ ነው፣ ሂድ ስጥ አልኩህ!"

ከፊት ለፊት ያሉት ሰውዬ ደግሞ አንድ እጃቸው ማሽን ላይ ነው፣ በሌላኛው ኪሳቸውን ሊደርሱበት ቢሞክሩ አቃታቸው፣ ነርሷን "ልጄ ኮቴ ውስጥ ግቢ" አሏት። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው ለሚቀጥለው ሳምንት ከየት እንደሚያመጡ አያውቁም። እኔ ጤነኛው፣ በሁለት እግሬ የቆምኩት፣ የመመለሻ ታክሲ ብቻ ነው ያለኝ እያልኩ ብዙ ካሰብኩ በኋላ መቶ ብር ጣል አደረግኩ። ልጁ ገባ። ቀና ብሎ ማንንም ማየት አልቻለም፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ነው የተቀመጠው።

ቤት ስገባ መጽሐፍ ቅዱስ አወጣሁና የዛን ቀን ታሪክ እንደ አዲስ አነበብኩት። ጌታ ሊያስሩት መጥተው እንኳን የተቆረጠውን የሎሌውን ጆሮ ይፈውሳል። ወደ መስቀል ሲወስዱት እየተከተሉት የሚያለቅሱትን ሴቶች "ለእኔስ አታልቅሱልኝ" ይላቸዋል፣ ለሚሰቅሉት ይቅርታ ይለምናል፣ ከጎኑ ያለውን ወንበዴ በገነት ይቀበለዋል፣ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ይላል። የመጨረሻዎቹን ደግሞ በእጅና በእግሩ ላይ ችንካር እያለ! እኔ ሥራ በማጣቴ የእናቴን ስልክ አላነሳም ነበር።

ግን እዚህ ጋር አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ስብከት ላይ ይሄ ነገር ሲበላሽ ስለማይ ነው። "ከአንተ የባሰ አለ" ብሎ ሰውን ዝም ማሰኘት የዚህ ተቃራኒ ነው። ጌታ ራሱ "ተጠማሁ" ብሏል። ጌቴሴማኒ ላይ "ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች" ብሎ ጓደኞቹን አብራችሁኝ ትጉ ብሏቸዋል፣ እነሱ ተኙ እንጂ። እማማም ህመማቸውን አይደብቁም፣ ሲያማቸው አሞኛል ነው የሚሉት፣ እንዲያውም ሲነጫነጩ አይጣል ነው። የራሳቸው ህመም የሌላውን እንዳያዩ አልጋረዳቸውም፣ ያ ነው ልዩነቱ።

ሰሞኑን ደግሞ ስለ ክብርት አበበች ጎበና ሳስብ ነበር፣ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በኮቪድ ያረፉት እናታችን። በዛ በወሎ ረሃብ ጊዜ ግሸን ማርያም ለመሳለም ነበር የሄዱት፣ ለበረከት፣ ማናችንም እንደምንሄደው። መንገድ ላይ ረሃቡን አዩ፣ ሁለት ህጻናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፣ በዓመት ጊዜ ውስጥ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ፣ ቤተሰብ ወይ እኛን ወይ እነሱን ሲላቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ትዳርና ቤት እያጣች ያለች ሴት ለራሷ ብታለቅስ ማን ይፈርድባታል? እኔን የሚገርመኝ ግን ያ የመሳለም ጉዞው ነው፣ ለራስህ ልትለምን ወጥተህ የሌላ ሰው መልስ ሆነህ መመለስ።

እንዳትሳሳቱ፣ እኔ ከአምና ወዲህ ጻድቅ አልሆንኩም። ሐምሌ ላይ ሥራ አገኘሁ፣ ሥራ እንዳገኘሁ ደግሞ ቢዚ ሆንኩ፣ እማማ ጋር ሦስት ወር ያልወረድኩበት ጊዜ አለ፣ አንድ ግቢ እየኖርን። ግን የስቅለት አርብን ተስማምተናል፣ የኔ ነች። ትናንትም ሄድን። ከሌሊት ጀምሮ በረዶውን ፍሪጅ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር፣ ቴርሞሱን እኔ ያዝኩ፣ ታክሲ ውስጥም አላኮረፍኩም።

ሰውዬው አሉ፣ ከስተዋል ግን አሉ። ልጅቷም አለች። ያ ባለ ጋቢው ልጅ ግን የለም፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነው ያለው። ነርሷን ልጠይቃት ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴ ተቀመጥኩ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ቀይሮ ይሆናል፣ ምናልባት ዘመድ ንቅለ ተከላ አሳክሞት ይሆናል፣ አላውቅም፣ መልሱን ፈራሁት። እማማ አዩኝና ገባቸው።

"ዓመቱን ሙሉ በጸሎቴ አስበዋለሁ" አሉኝ፣ "ግን የክርስትና ስሙን ሳልጠይቀው፣ ሞኝ ነኝ። ያ ባለ ጋቢው እያልኩ ነው። እግዜር መቼም ያውቀዋል።"

ከዛ ቴርሞሷን ጠቆሙኝና በረዶ ሰጠኋቸው።